ካርቶኑ አልጋ ሥር እንዳይቀር፦ በራስ ወጪ ልቦለድ ለሚያሳትሙ የደሴና የኮምቦልቻ ጸሐፊዎች ዝርዝር መመሪያ

ደሴ ፒያሳ ላይ «መጽሐፍ አሳትሜያለሁ» የሚል ሰው ማግኘት አይከብድም። «ያሳተምኩት አልቆ ሁለተኛ እትም ልገባ ነው» የሚለው ግን ጥቂት ነው። እኔ የመጀመሪያ ልቦለዴን 1,000 ቅጂ አሳትሜ ሳይሸጥ ከቀረው ከግማሽ በላይ ጋር ሁለት ክረምት አብሬ ኖሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ ረቂቃቸውን ይዘው ወደ እኔ የሚመጡ ጸሐፊዎች የሚወድቁት እኔ የወደቅሁበት ቦታ ላይ ነው። ረቂቁ ሳይበስል ይታተማል። ከማተሚያ ቤት ጋር በቃል ይስማማሉ። መጽሐፉ ሲመጣ ለዘመድ አዝማድ በነጻ ይታደላል።

የሦስቱም ሥር አንድ ነው፤ ይሉኝታ። ወዳጅ ስለ ረቂቁ እውነቱን ለመናገር ይሉኝታ ይይዘዋል። ጸሐፊው ውል ለመጠየቅ፣ በኋላም ዋጋ ለመጥራት ይሉኝታ ይይዘዋል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በየደረጃው ለይሉኝታ ቦታ እንዳይተው ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። በተለይ ደረጃ 5ን ሳትጨርሱ የማተሚያ ቤት ደጅ አትርገጡ።

ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁ

- ሁለት ደብተር፦ አንዱ የአጻጻፍ፣ ሌላው የገዢዎች መዝገብ።
- ለመጽሐፉ ብቻ የተከፈተ የባንክ ሒሳብ። ከቤት ወጪ ጋር የተደባለቀ የመጽሐፍ ገንዘብ ተመልሶ አይገኝም።
- ዘመዳችሁም የቅርብ ጓደኛችሁም ያልሆኑ አምስት አንባቢዎች።
- ረቂቁ ካለቀ በኋላ ቢያንስ ስምንት ወር። ችኮላ ካለባችሁ ምክንያቱን መርምሩ። «ለበዓሉ ይድረስ» የሚለው በቂ ምክንያት አይደለም።

## ደረጃ 1፦ ረቂቁን ጨርሱ፣ ከዚያ አርቁት

ሥራ ውላችሁ የምትጽፉ ከሆነ በቀን 300 ቃል ያዙ። በ150 ቀን 45,000 ቃል ይሆናል፤ በመደበኛው አነስተኛ የመጽሐፍ መጠን ሲሰላ በግምት 200 ገጽ ነው። መብራት ሲጠፋ ቀኑ እንዳይባክን በእጅ ጻፉ። ትናንት የጻፋችሁትን ዛሬ አታርሙ፤ የመጨረሻውን አንቀጽ ብቻ አንብባችሁ ቀጥሉ።

ሲያልቅ ስድስት ሳምንት አትንኩት። በዚህ ጊዜ የሚቀጥለውን ታሪክ ጀምሩ። ይህን የምላችሁ ጊዜ ለመሙላት አይደለም። መጽሐፉ ወጥቶ ዝም ሲባል ጠዋት ተነስታችሁ የምትሄዱበት ሌላ ሥራ ከሌለ፣ ዝምታው እጃችሁን ያስረዋል። እኔን አስሮኛል፤ አሥር ወር አንድ መስመር አልጻፍኩም።

ካልተሳካ፦ ምዕራፍ ላይ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆማችሁ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት ባለው ምዕራፍ ነው። ገጸ ባሕርይው የሚፈልገውን ነገር ሳያስቸግር ሰጥታችሁታል ማለት ነው። ወደኋላ ተመለሱና ከልክሉት።

## ደረጃ 2፦ ጮክ ብላችሁ አንብቡ

አማርኛ ሲጻፍ የሚጠብቀውን ፊደል ከሚላላው አይለይም። «ይመታል» ብላችሁ ስትጽፉ መቺው ነው ወይስ ተመቺው? «ሰፊ» ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው ወይስ ወርዱ ሰፋ ያለ ነገር? እናንተ ሐሳቡን ስለምታውቁት በዓይናችሁ ስታነቡ አትሰናከሉም። አንባቢ ግን ይሰናከላል፣ ተመልሶ ያነባል። ሦስት ጊዜ ከተመለሰ መጽሐፉን ይዘጋል።

አሠራሩ ይህ ነው፦

1. ረቂቁን በወረቀት አትሙ። ስልክ ላይ አታንብቡ።
2. በቀን አንድ ምዕራፍ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፣ በስልካችሁም ቅዱት።
3. ምላሳችሁ የተያዘበት ቦታ ሁሉ ላይ በእርሳስ አስምሩ። ቆማችሁ አታርሙ፤ ማስመር ብቻ።
4. በማግሥቱ የተሰመረበትን ብቻ አርሙ። ሁለት ትርጉም ያለውን ቃል በሌላ ቃል ቀይሩ ወይም ባለቤቱን በስሙ ጥሩት።
5. ትንፋሽ ያጠራችሁን ዐረፍተ ነገር ቁረጡ። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ አንባቢው አራት መስመር ሙሉ ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ሊሄድ ይችላል።

ከቻላችሁ አንድ ምዕራፍ ቡና በሚፈላበት ቤት አንብቡ። አቦሉ ላይ ሁሉም ያዳምጣል፤ ትሕትና ነው። የምትፈልጉት ቶናው ላይ የሚሆነውን ነው። ሰዎቹ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ማውራት የጀመሩት የትኛው ገጽ ላይ ነው? ገጹን መዝግቡ። ማንንም «ወደዳችሁት ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ።

## ደረጃ 3፦ ትዕይንቶቹን ጠግኑ

ብዙውን ጊዜ የምትቆዩበት ደረጃ ይህ ነው፤ ቆዩበትም። ከሁሉ በላይ ደጋግሜ የማያቸው አራት ስብራቶች እነዚህ ናቸው።

ስሜትን በስሙ መጥራት። ይህን ተመልከቱ፦

*ከድር በጣም አዘነ። ልቡ ተሰበረ። እንባው እንደ ጎርፍ ወረደ።*

ሦስቱም ዐረፍተ ነገር አንድ ነገር ነው የሚሉት፤ አንባቢ ግን ምንም አላየም። አሁን ይህን፦

*ከድር ደብዳቤውን አጣጥፎ ኮቱ ኪስ ከተተው። ሻይ ሊቀዳ ፔርሙሱን አዘነበለው፤ ባዶ ነበር። ብርጭቆውን አንስቶ ወደ አፉ ወሰደ።*

«አዘነ» የሚል ቃል የለበትም። ባዶ ብርጭቆ ወደ አፉ የወሰደ ሰው ግን ምን እንደደረሰበት አንባቢ ያውቃል። ረቂቃችሁ ውስጥ «አዘነ፣ ተደሰተ፣ ተናደደ፣ ደነገጠ» የሚሉትን ፈልጉ። ሁሉንም አታጥፉ፤ ትዕይንቱ ለታሪኩ ወሳኝ በሆነበት ቦታ ግን እጅ የሚሠራውን ነገር ጻፉ።

አንቱና አንተን ማባከን። አማርኛ ለልቦለድ ጸሐፊ ከሰጠው መሣሪያ ይህን የሚያህል አላውቅም። አንድ የሱቅ ልጅ ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ «አያ መሐመድ፣ ሒሳቤን ይስጡኝ» ሲል ኖሮ አንድ ቀን «አያ መሐመድ፣ ሒሳቤን ስጠኝ» ቢል፣ «በቁጣ ጮኸ» ብላችሁ መጨመር አያስፈልጋችሁም። ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞሮ ያየዋል። ስለዚህ የአጻጻፍ ደብተራችሁ ላይ ማን ማንን አንቱ እንደሚል፣ ማን አንተ እንደሚል ሠንጠረዥ ሥሩ። ሳታስቡት የተቀየረውን ሁሉ መልሱ። ያን ጊዜ አስባችሁ የቀየራችሁት ቦታ ድምፁ ይሰማል።

በጉም መጀመር። የደሴ ረቂቅ የመጀመሪያ ገጹ ላይ ጉም አለበት፤ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል፣ መንገዱ አይታይም፣ ባለታሪኩ በመስኮት ይመለከታል። ጉሙ ውብ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን አንባቢ ሱቅ ውስጥ ቆሞ የመጀመሪያውን ገጽ ሲያነብ የሚፈልገው ችግር ያለበት ሰው ነው። ጉሙን ገጽ 3 ላይ አድርጉት። ገጽ 1 ላይ አንድ ሰው አንድ ነገር ይፈልግ፣ ሌላ ሰው ይከልክለው።

ቦታን በግምት መጻፍ። አንድ ረቂቅ ላይ ባለታሪኩ ከፒያሳ ተነስቶ ኮምቦልቻ በአሥር ደቂቃ ደረሰ። መንገዱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዘ የሚወርድ፣ ከጭነት መኪና ኋላ የሚያስጎትት መንገድ ነው። ሚኒባስ ተሳፍሮ የሚመላለስ አንባቢ እዚያ ላይ ማመኑን ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ ፍቅሩንም ሞቱንም አያምናችሁም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ትገኛለች፣ ኮምቦልቻ 1,900 ሜትር ገደማ። ደሴ ላይ ኮት የለበሰ ሰው ኮምቦልቻ ሲወርድ ኮቱን ክንዱ ላይ ያደርጋል። ይህን አንድ መስመር ብትጽፉ ሁለቱም ከተማ ያምናችኋል። የምትጽፉትን መንገድ አንድ ጊዜ ማስታወሻ ይዛችሁ ሂዱበት፤ ወጪው የሚኒባስ ሒሳብ ብቻ ነው።

## ደረጃ 4፦ አምስት አንባቢዎች

«እስኪ አንብበህ አስተያየት ስጠኝ» ብላችሁ የሰጣችሁት ሰው «በጣም ቆንጆ ነው፣ በርታ» ይላችኋል። ዋሽቶ ሳይሆን አክብሮ ነው። ስለዚህ አስተያየት አትጠይቁ፤ ሥራ ስጡት።

1. ለአምስቱም በወረቀት ስጡ። ሙሉውን ፋይል ለማንም በቴሌግራም አትላኩ። አንድ ጊዜ የወጣ ፒዲኤፍ አይመለስም።
2. ከረቂቁ ጋር እርሳስ ስጡና ይህን ብቻ ንገሯቸው፦ «ማንበብ ባቆምክበት ቦታ ሁሉ መስመር አስምር። እንቅልፍም ይሁን ሥራ፣ ምክንያቱን አትጻፍ።»
3. ሦስት ሳምንት ስጧቸው። ቀኑን ንገሯቸውና በቀኑ ሂዱ።
4. ሲመልሱ ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ማን ምን ፈልጎ ነበር? የትኛውን ሰው ከሌላው ጋር አምታታህ? መጨረሻው ላይ ያላመንከው ነገር ምንድን ነው?
5. አምስቱን ቅጂ ጎን ለጎን ዘርጉ። አንድ ሰው ብቻ ያቆመበትን ተዉት። ሦስትና ከዚያ በላይ ሰዎች ያቆሙበትን ገጽ፣ ምንም ያህል ብትወዱት፣ ቁረጡ ወይም እንደገና ጻፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ አንባቢ ሲናገር አታስረዱ። «እሱ እኮ እንዲህ ለማለት ነው» ካላችሁ ሰውየው ወዲያው ይስማማችኋል፣ እናንተም የመጣችሁበትን ነገር ታጣላችሁ። መጽሐፉ ሲሸጥ አጠገቡ ቆማችሁ አታስረዱለትም።

አንዱ ካላነበበ፦ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ያለፈ ሰው አያነበውም። አመስግናችሁ ተቀበሉና ለስድስተኛ ሰው ስጡ። የትኛው ገጽ ላይ እንደቆመ ግን እዩ፤ ያም መልስ ነው።

## ደረጃ 5፦ ፋይሉን አጥሩ፣ ገዢውን ቁጠሩ

### ፋይሉ

የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ካስጻፋችሁ በመጀመሪያ ይህን ፈትሹ፦ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ስልካችሁ ላይ ለጥፉ። አማርኛ ሆኖ ከታየ ፋይሉ በዩኒኮድ፣ ማለትም በየትኛውም መሣሪያ በሚነበብ የፊደል አሠራር፣ ተጽፏል። የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ከሆነ በድሮ ፎንት ነው የተጻፈው፤ ማተሚያ ቤቱ ጋ ሲደርስ ይፈርሳል። ገና ሃያ ገጽ ላይ ሳላችሁ አስለውጡ። እንደ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ባሉ የዩኒኮድ ፎንቶች አሠሩ።

ከዚያ «ፈልግና ተካ» በሚለው መሣሪያ እነዚህን በቅደም ተከተል አጥሩ፦

1. «፡፡» የሚለውን በ«።» ተኩ። ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት የተሠራ አራት ነጥብ መስመር መጨረሻ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ከላይ፣ ግማሹ ከታች መስመር ላይ ይቀራል። በታተሙ ልቦለዶች ላይ ደጋግሜ ያየሁት ጉድለት ይህ ነው።
2. ሁለት ክፍት ቦታን በአንድ ተኩ። ከ«።» በፊት የቀረ ክፍት ቦታን አጥፉ።
3. የጥቅስ ምልክት አንድ ዓይነት ይሁን፤ «» ካላችሁ እስከ መጨረሻው «»።
4. ሞክሼ ፊደላትን አስተካክሉ። ሰይድ ገጽ 10 ላይ ሰይድ፣ ገጽ 90 ላይ ሠይድ ከሆነ አንባቢው ሌላ ሰው የመጣ ይመስለዋል። ፀሐይ ወይስ ጸሐይ፣ ሐሰን ወይስ ሀሰን፤ የመረጣችሁትን ደብተሩ ላይ አስፍሩ።

ስም ስትፈልጉ «ሙሉ ቃል ብቻ» የሚለውን አማራጭ አጥፉት። በአማርኛ ስም ብቻውን አይሄድም፤ የሰይድ፣ ለሰይድ፣ ከሰይድ ይላል። «የአሕመድ» እና «ያሕመድ» ተደባልቀው እንዳይቀሩም ሁለቱንም ለየብቻ ፈልጉ።

አርታዒ ቅጠሩ። ከሽፋኑ ላይ ቆጥቡ እንጂ ከአርትዖት ላይ አትቆጥቡ። ሙሉ ክፍያ ከመስማማታችሁ በፊት አሥር ገጽ ከፍላችሁ አሠሩት፤ ፊደል ብቻ ካረመ የምትፈልጉት ሰው አይደለም።

### ስሌቱ

ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለስሌት ያህል የወሰድኳቸው ናቸው፤ ደረጃ 6 ላይ ከማተሚያ ቤት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ስታገኙ የእናንተን ቁጥር ቦታቸው ላይ አስገብታችሁ እንደገና አስሉ።

1,000 ቅጂ፣ አንዱን በ200 ብር ማሳተሚያ፦ 200,000 ብር። አርትዖት፣ ሽፋን፣ ገጽ ቅንብርና ማጓጓዣ፦ 40,000። ድምሩ 240,000 ብር። የሽፋን ዋጋው 400 ብር ቢሆንና አከፋፋይ 35 በመቶ ቢቀንስ እጃችሁ የሚገባው 260 ነው። ሁሉንም በአከፋፋይ ብትሸጡ ወጪያችሁን ለመመለስ 924 መጽሐፍ መሸጥ አለበት። ሁሉንም በእጃችሁ ብትሸጡ 600 ይበቃል። 300ውን በእጃችሁ፣ ቀሪውን በአከፋፋይ ብትሸጡ 762።

ቁጥሮቹን ደጋግማችሁ እዩአቸው። 1,000 አሳትሞ 400 የሸጠ ሰው «ጥሩ ሄደልኝ» ይላል፤ ገንዘቡ ግን አልተመለሰም። 1,000 ማሳተም የአንዱን ዋጋ ስለሚቀንስ ርካሽ ይመስላል። ያልተሸጠ መጽሐፍ ግን ዋጋው ስንትም ይሁን ውድ ነው።

### የገዢዎች መዝገብ

ሁለተኛውን ደብተር አውጡ። አምስት ዓምድ አስምሩ፦ ስም፣ ስልክ፣ የት ይገኛል፣ ስንት ቅጂ፣ ከፍሏል። «እገዛለሁ» ያለውን ሁሉ መዝግቡ፤ ቁጠሩ ግን የከፈለውን ብቻ ነው። ለቅድመ ከፋይ ከሽፋን ዋጋው አሥር በመቶ ቀንሱ፣ በቴሌብር ወይም በባንክ ተቀበሉ፣ ገንዘቡንም በተለየው ሒሳብ አስቀምጡ።

የት ትሄዳላችሁ? የወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴና የኮምቦልቻ ግቢዎች የንባብ ወዳጆች አሏቸው፤ ክረምት ሲገባ ግን ይበተናሉ፣ ስለዚህ ከሰኔ በፊት ድረሱ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሚኒ ሚዲያ ላይ አንድ ትዕይንት አንብቡ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክና የፋብሪካ ሠራተኞች ዘንድ ደመወዝ በወጣበት ሳምንት ሂዱ፤ በወሩ ሃያኛ ቀን መሄድ ድካም ብቻ ነው። ዓረብ አገር ያሉ እህቶችና ወንድሞች ደግሞ እዚህ ላለ ቤተሰብ ስጦታ አድርገው ይገዛሉ፤ ከፋዩ እዚያ፣ ተረካቢው እዚህ ስለሆነ ሁለቱንም ስልክ ያዙ።

ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ በሳምንት አንድ ጊዜ ከ150 እስከ 200 ቃል የሚሆን ትዕይንት አውጡ። ሙሉ ምዕራፍ አታውጡ። «በቅርብ ቀን ይጠብቁ» የሚል ማስታወቂያ ብቻውን ምንም አይሸጥም፤ ሰውን የሚጎትተው ባዶ ብርጭቆ ወደ አፉ የወሰደው ከድር ነው።

መለኪያው፦ 150 ሰው ከከፈለ ወደ ደረጃ 6 እለፉ። 60 ከሆነ 300 ቅጂ ብቻ አሳትሙ ወይም ሁለት ወር ጨምሩ። 20 ከሆነ አታሳትሙ። ገንዘቡን መልሱ፣ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ። ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ይህን ያደረገች አንዲት የኮምቦልቻ ጸሐፊ አውቃለሁ፤ የመለሰችላቸው ሰዎች በዓመቱ ከሁሉ ቀድመው የከፈሏት ናቸው።

## ደረጃ 6፦ ማተሚያ ቤት

ቢያንስ ከሦስት ማተሚያ ቤት በጽሑፍ ፕሮፎርማ ሰብስቡ። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ አዲስ አበባ አወዳድሩ፤ ከአዲስ አበባ ከሆነ የ400 ኪሎ ሜትር ገደማ ማጓጓዣ ጨምሩበት። ከአዲስ ዓመት በፊት የካላንደርና የአጀንዳ ሥራ ስለሚበዛ ነሐሴን አትምረጡ።

ገጹን ቁጠሩ። መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚታተመው በአሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ገጽ እየተጣጠፈ ነው። መጽሐፋችሁ 211 ገጽ ከሆነ የምትከፍሉት የ224 ነው፤ 13ቱ ባዶ ይሄዳል። ሦስት ገጽ ብትቆርጡ 208 ይሆናል። ከዚህ በፊት ለመቁረጥ የሳሳችሁለትን አንቀጽ አሁን ቁረጡት።

ውሉ ላይ እነዚህ ሳይጻፉ አትፈርሙ፦

- የቅጂ ብዛት፣ የመጽሐፉ ቁመትና ወርድ፣ የውስጥ ወረቀትና የሽፋን ወረቀት ግራም፣ ላሚኔሽን (የሽፋኑ ላስቲክ ልባስ)፣ የጥረዛው ዓይነት።
- የማስረከቢያ ቀን፣ ሲዘገይ የሚቀነሰው።
- ገጽ የጎደለበት፣ የተደገመበት ወይም የተገለበጠበት ቅጂ በማተሚያ ቤቱ ወጪ እንደሚተካ።
- ክፍያው በሦስት እንደሚከፈል፦ ቅድሚያ፣ ዳሚው (ከኅትመት በፊት ለማረም የሚሰጠው ናሙና) ላይ ስትፈርሙ፣ የመጨረሻው 30 በመቶ ከተረከባችሁና ከፈተሻችሁ በኋላ።

እኔ በመጀመሪያው መጽሐፌ «እኛ እኮ ወንድማማች ነን» ተባልኩና ውል ሳልጠይቅ ቀረሁ። መጽሐፉ ሲመጣ በአንዳንዱ ቅጂ ከገጽ 65 እስከ 80 ሁለት ጊዜ ተጠርዟል፣ ከ81 እስከ 96 የለም። ገንዘቡን ከፍዬ ጨርሼ ስለነበር የምይዘው ነገር አልነበረኝም። ያወቅሁትም አንዲት አንባቢ ደውላ «ልጅቷ ምን ሆነች?» ስትለኝ ነው። የሠርጉ ምዕራፍ ነበር የጎደላት።

ዳሚው ሲሰጣችሁ በስክሪን አትመልከቱ፣ በወረቀት ተቀበሉ። አንድ ቀን ሙሉ ወስዳችሁ ይህን ብቻ ፈትሹ፦ የገጽ ቁጥር ተከታታይነት፣ የምዕራፍ ርዕስ፣ በመስመር መጨረሻ የተከፈለ ነጥብ፣ የሽፋኑ ጀርባ ጽሑፍ፣ ስማችሁ። ከዚያ ፈርሙ። ከፈረማችሁ በኋላ የተገኘ ስሕተት የእናንተ ነው።

አይኤስቢኤን (ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) የሚሰጠው አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ነው። ቁጥሩ 13 አሃዝ ነው። ከሽፋኑ በፊት ጠይቁ እንጂ ሽፋኑ ከተሠራ በኋላ አትሩጡ።

የቅጂ መብትን በተመለከተ፦ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ የሚጀምረው ሥራው ሲፈጠር ነው፣ ሳይመዘገብም ይጠበቃል። የኢኮኖሚ መብቱ በደራሲው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። አሳታሚ ላሳትምልህ ቢላችሁ የአንድ እትም መብት ብቻ፣ ብዛቱ ተገልጾ፣ በጽሑፍ ስጡ። «ሙሉ መብት» የሚል ቃል ካለ ገንዘቡ ምንም ያህል ቢያስፈልጋችሁ አንድ ሳምንት ቆዩ፣ ሕግ የሚያውቅ ሰው ያንብበው።

## ደረጃ 7፦ ርክክብ

ካርቶን ቆጥሮ መቀበል በቂ አይደለም። ከእያንዳንዱ ካርቶን ከላይ፣ ከመሐልና ከታች አንዳንድ መጽሐፍ አውጡና ገጹን እስከ መጨረሻ ግለጡ። አንድ ጉድለት ከተገኘ ያን ካርቶን ሙሉ ፈትሹ። ጉድለት ያለባቸውን ለዩ፣ ፎቶ አንሡ፣ የመጨረሻውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት አስተኩ።

ደሴ ላይ ካርቶን ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስቀምጡ። በክረምት እርጥበቱ ከሥር ይገባል፣ ሽፋኑ ይጠመዘዛል፣ ገጹ ይሸታል። እንጨት ደርድሩበት፣ ከግድግዳም አንድ ስንዝር አርቁት።

## ደረጃ 8፦ ሽያጭ

በመጀመሪያው ሳምንት ሌላ ምንም አትሥሩ፤ ቅድሚያ ለከፈሉት አድርሱ። የሚያወሩላችሁ እነሱ ናቸው።

ነጻ ቅጂ። መጽሐፉ ከመምጣቱ በፊት የ30 ሰው ዝርዝር ጻፉና ዝጉት። አምስቱ አንባቢዎቻችሁ፣ ወላጆቻችሁ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ስለ መጽሐፍ የሚጽፉ ሰዎች ይካተቱ። ከዝርዝሩ ውጭ «የእኔስ?» ለሚላችሁ ሁሉ አንድ መልስ ይኑራችሁ፦ «ፈርሜ ልስጥህ፤ 400 ብር ነው።» ይቅርታ አትጨምሩበት፣ አታስረዱ፣ ዝም በሉ። ይህን ዐረፍተ ነገር ቤታችሁ ውስጥ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱት። እውነቴን ነው፤ ያልተለማመደ ሰው ፒያሳ ላይ የአጎቱን ልጅ ሲያገኝ አፉ አይታዘዘውም። የሚያከብራችሁ ሰው ይከፍላል፣ ብዙዎቹም ከፍለው እንደሚኮሩበት ታያላችሁ።

ዱቤ። ለግለሰብ ዱቤ የለም።

መጻሕፍት መደብርና አዟሪ። በአደራ ስትሰጡ ብዛቱን፣ ቅናሹንና የሒሳብ ቀኑን ጽፋችሁ አስፈርሙ። በ20 ቅጂ ጀምሩ። በየ30 ቀኑ ራሳችሁ ሄዳችሁ ቁጠሩ፤ እስኪደውሉላችሁ አትጠብቁ። የመጀመሪያው ሒሳብ ሳይዘጋ ሁለተኛ ካርቶን አይሰጥም። አዟሪን አትናቁ፤ መጽሐፉን ቀን ሙሉ በእጁ ይዞ ለመቶዎች የሚያሳየው እሱ ነው። አንድ ቅጂ በነጻ ስጡትና እንዲያነበው ለምኑት። ታሪኩን ያወቀ አዟሪ የተሻለ ይሸጣል።

ምረቃ። አዳራሽ፣ የድምፅ መሣሪያና መስተንግዶ ችላችሁ ሁለት መቶ ሰው ጠርታችሁ ሠላሳ መጽሐፍ ከመሸጥ፣ ሃያ ሰው ያለበት ቦታ አምስት ጊዜ ማንበብ ይበልጣል። ካደረጋችሁ ዓርብ ከጁምዓ ሰዓት፣ እሑድ ከቅዳሴ ሰዓት ጋር አታጋጩ።

ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይ ከወጣ፦ መጀመሪያ የገጹን ምስልና ቀኑን አስቀምጡ። ቀጥሎ ለቻናሉ ባለቤት በትሕትና ጻፉ፤ ብዙዎቹ ያወርዱታል። እምቢ ካለ በመተግበሪያው በኩል የቅጂ መብት ጥሰት አመልክቱ። ሕዝብ ፊት አትሳደቡ፤ ስድቡ ሰውን ወደ ቻናሉ ይወስዳል።

## ደረጃ 9፦ ዝምታው ሲመጣ

በሁለተኛው ወር ገደማ ስልኩ ዝም ይላል። ያነበቡት ገና አላወሩም፣ የገዙት ብዙዎቹ ገና አላነበቡም። በዚህ ወር ሦስት ነገር አታድርጉ፦ ዋጋ አትቀንሱ፣ የሌላ ጸሐፊን ሽያጭ ከራሳችሁ ጋር አታነጻጽሩ፣ ለክፉ አስተያየት መልስ አትስጡ። አስተያየቱን ደብተር ላይ ገልብጡና ከሦስት ቀን በኋላ አንብቡት። ስለ እናንተ የተባለውን ሰርዙ፣ ስለ መጽሐፉ የተባለውን አስቀሩ። የሚቀረው ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት መስመር ነው፤ እሱም ይጠቅማችኋል።

ጠዋት 300 ቃላችሁን ጻፉ። ከሰዓት በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ለሽያጭ መድቡ፤ ከመዝገቡ አሥር ሰው ምረጡና ደውሉ። «ገዛህ ወይ?» አትበሉ። «የት ደረስክ?» በሉ።

አንድ ቅጂ ላይ «ማረሚያ» ብላችሁ ጻፉበት። አንባቢ የሚነግራችሁን የፊደል ግድፈት፣ የተምታታ ስም፣ የተሳሳተ መንገድ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ እዚያው ገጹ ላይ አስገቡ፣ የነገራችሁንም ሰው ስም ጎኑ ጻፉ። ሁለተኛው እትም የሚታተመው ከዚህ ቅጂ ነው፤ ለማንም አታውሱት።